ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በእጅ ሥራ ሊለሙ ይችላሉን?

ስለ አገራችሁ ንገሩን ስንባል ብዙዎቻችን የምንመልሰው መልስ አንድ ዓይነት ነው። ጋይንት ብርድ ነው፤ ስማዳ ገደል ነው፤ እስቴም ቢሆን ሰው በዝቶ መሬት አንሷል እንላለን። ከዚያም ድርቁን እንጨምርበታለን። ይህ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ችግሩን ብቻ የሚቆጥር ሰው፣ በጓዳው ያለውን ሳያይ ለልመና እንደሚወጣ ሰው ነው። የእኔ አሳብ አገራችን የተቸገረችው ጥሬ ዕቃ አጥታ ሳይሆን፣ ባለው ጥሬ ዕቃ ላይ እጃችንን ማሳረፍ እንደ ውርደት በመቆጠሩ ነው የሚል ነው። ይህን አሳብ የማይቀበል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

በመጀመሪያ የምድሩን አቀማመጥ እንመልከት። ከ4100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው የጉና ተራራ የዚህ አገር ራስ ነው። ከጉና የሚመነጩት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ፣ በሌላው ወገን ያለው ውኃ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይሄዳል። በሽሎ ከወሎ፣ ዓባይ ከጎጃም ይለየናል። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ተቀምጣለች፤ ስሟን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ከእርሷ ተነሥቶ በታች ጋይንት በኩል ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወደ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ግን ከ1500 ሜትር በታች ይደርሳል። እንግዲህ በጥቂት ቀን የእግር ጉዞ ውስጥ ገብስና ድንች፣ ቀጥሎ ጤፍና ስንዴ፣ ከዚያም ማሽላ ይገኛል ማለት ነው። በደጋው በግ፣ በቆላው ፍየልና ንብ አለ። ይህን ሁሉ ከሩቅ አገር በገንዘብ የሚያመጡ ሕዝቦች ሞልተዋል። እኛ ዘንድ በአንድ የአህያ ጉዞ ይገናኛል፤ የሚገናኘው ግን በቅዳሜ ገበያ ላይ በጥሬው ብቻ ነው።

ታሪካችንም ቢሆን ሥራ የማያውቅ ሕዝብ ታሪክ አይደለም። ከየአውራጃው የመጡ ደቀ መዛሙርት ድጓን የሚያስመሰክሩት በጋይንቷ ቤተልሔም ነው፤ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ደግሞ ዙር አባ አለች። የቤተልሔም ሰዎች በቀጭን ሣር ክዳን በተሸፈነ ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ የጥንት ሕንፃ ደብቀው አኑረው ስለ ነበር፣ ቶማስ ፓኬናም የተባለው ወጣት እንግሊዛዊ በ1955 (እ.አ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ባየው ጊዜ ተደንቆ ለዓለም ጻፈ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው ግን የድጓ ተማሪ ዜማውን ከማጥናቱ ሌላ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፍ የነበረ መሆኑ ነው። የፍየል ቆዳ ነክሮ፣ ወጥሮ፣ ፍቆ ብራና ያደርጋል፤ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፤ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል። ሊቅ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ቆዳ መፋቅ ነበረበት። በዚያ ቦታ ዕውቀትና የእጅ ሥራ አልተጣሉም ነበር።

ሌላው ምስክራችን ጋፋት ናት። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ጎረቤታችን ስትሆን፣ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ሌሎችን የአውሮፓ ባለሙያዎች አስቀምጠው መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ብረት አቅልጡ አሏቸው። የመጀመሪያ ሙከራቸው አልተሳካም፤ ኋላ ግን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። በእቶኑና በመዶሻው ሥር ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ይማሩ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን በገመድ እየጎተቱ፣ ድንጋዩን እየፈለጡ መንገድ እየጠረጉ፣ በጋይንት በኩል አልፈው፣ የጨጨሆን አቀበት ወጥተው፣ አምስት ወር ተኩል ያህል ተጉዘው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን እዚያው ሞቱ።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስንማር የምናደንቀው ጀግንነቱን ነው፤ ማድነቃችንም ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ባለሙያዎቹ ከንጉሡ ጋር ሄዱ፤ ከመቅደላ በኋላ ወደ ጋፋት ተመልሶ እቶኑን ያነደደ ሰው አልተገኘም። በዚያ እቶን ማረሻም፣ የመጋዝ ጥርስም፣ የበር ማጠፊያም ለገበሬው አልተሠራም ነበርና፣ ገበሬው የቀረበትን ነገር አላወቀም። ለቤተ መንግሥት ብቻ የተሠራ ጥበብ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ይጠፋል።

የቀሩት የአገሬው ባለ እጆችስ? ብረት ሲቀጠቅጥ ቡዳ፣ ቆዳ ሲያለፋ ፋቂ፣ ሲሸምን ቁጢት በል ብለን ሰደብናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ ዓመታት ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት ነገሩ ቢከፋ ነው። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ወደ ጓዳ አስገባው እንጂ አላጠፋውም። በበጌምድር ማረሻችንን ያሰሉልን፣ ምጣዳችንን የሠሩልን ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ የያዙትን ሙያ አልተማርንላቸውም ነበር። ዛሬም ልጁ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ የሚታገሥ አባት፣ ልጁ ሸማኔ ልሁን ቢለው ይቈጣል። ይህን ስጽፍ የራሴንም ቤት እጨምራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እርሱም የበግ ጠጉር ነው።

በጉና ዙሪያ የሚረባው በግ ብርድ የለመደ በመሆኑ ጠጉር አለው። ከዚህ ጠጉር ባና ይሠራል። ባና ለማያውቅ የቆላ አንባቢ ላስረዳ፦ ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ ሸማኔው ያደራዋል። መሸመኛው ጠባብ ስለሆነ አንድ ባና በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ጠባብ ጠባቡ ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል። የአያቴ ባና አባቴን አልብሶ እኔን አልብሷል፤ አሁንም አለ፤ ስፌቱ ብቻ በየጊዜው ይታደሳል። ክብደቱ ሕፃን ልጅን ከአልጋ አያስነሣም፤ ጢስ ጢስም ይሸታል። የነፋስ መውጫን የኅዳር ሌሊት ግን የሚችለው እርሱ ነው።

ታዲያ ዛሬ በገበያችን ባና የሚሸጥ ስንት ሰው አለ? ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቻይናውያን ስለ ሠሩት «የቻይና መንገድ» እንለዋለን። በዚህ መንገድ የቻይና ብርድ ልብስ ይመጣል። አበባ አለው፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ እናቶቻችን ቢገዙት አልፈርድባቸውም። በዚያው መንገድ በጉ ከነጠጉሩ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። ቆዳውማ የባሰ ሆኗል። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ በፋሲካ ማግሥት የበግ ቆዳ ከአጥር ውጭ ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው አይተናል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ያለ ተራራ በዓለም ላይ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በሕንድ አገር በሂማላያ ተራሮች ውስጥ ኩሉ የሚባል ሸለቆ አለ። እርሱም መንገዱ አስቸጋሪ፣ ክረምቱ ከባድ፣ ሕዝቡ በግ አርቢ ነው። የዚያ አገር ሰዎች በረዶ ቤት ሲያውላቸው በጠጉር የሚሸምኑትን ልብስ ወደ ንግድ አወጡት። በ1944 (እ.አ.አ.) የሸማኔዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ «የኩሉ ሻል» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ሲሆን ሌላ አገር የተሠራ ልብስ በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። እኛም ከዚህ ብዙ የራቅን አይደለንም፤ ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌንና የሐረርን ቡና ስም በውጭ አገር አስመዝግባለች። በአገር ውስጥም ቢሆን ደብረ ብርሃን በ1950ዎቹ ማለቂያ ገደማ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቆምላት መሠረቱ ከመንዝ የሚመጣው የበግ ጠጉር ነበር። መንዝና ጋይንት በብርድና በበግ ወንድማማቾች ናቸው።

«ባለሀብት መጥቶ ፋብሪካ ካልተከለልን ምን ልናደርግ እንችላለን?» የሚል ሰው አለ። ፋብሪካ ቢመጣ ማን ይጠላል? ነገር ግን ባለሀብት ወደብና ሰፊ መንገድ አጠገብ ይተክላል እንጂ ለእኛ ብሎ ጨጨሆን አይወጣም። «ባና ከቻይና ብርድ ልብስ ጋር በዋጋ አይወዳደርም» የሚለው ክርክር ግን ከባድ ነው፤ እኔም ይወዳደራል አልልም። በዋጋ ከተያዘ ባና ይሸነፋል። ስለዚህ ለሚገዛው ሰው መሥራት ያስፈልጋል። ከባሕር ዳር ላሊበላን ለማየት የሚሄደው እንግዳ፣ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ የሚያልፈው በነፋስ መውጫ በር ላይ ነው። ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል፤ የሚገዛው ነገር ግን አናሳየውም። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ያለው ሆቴልም ምንጣፍና የአልጋ ልብስ ይገዛል።

ለዚህ የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው። ጠጉሩ ከመነደፉ በፊት በደንብ ቢታጠብ ቅባቱና ሽታው ይለቃል። በጉ በቢላዋ ከመላጨት በመሸለቻ መቀስ ቢሸለት ጠጉሩ ረጅም ሆኖ ይወጣል። ከእንዝርት ይልቅ በእግር የሚዞር መፍተያ ብዙ ይፈትላል። ከሁሉ በላይ ግን መሸመኛው ይስፋ። ሰፊ መሸመኛ ማንም ደኅና አናጢ ከእንጨት ሊሠራው የሚችል ነገር ነው፤ ሞተርም መብራትም አይጠይቅም። የጠጉሩ ጥቁር፣ ነጭና ቡኒ መልክም ሳይነከር ያምራል።

ስለ ድንቹ፣ ስለ ማሩና ስለ ቅቤው ሌላ ሰው ይጻፍ። የጉና ድንች በአንድ ወር ተለቅሞ በአንድ ወር ስለሚሸጥ ዋጋው እንደሚወድቅ፣ የስማዳም ማር ከነሰፈፉ በእንስራ እንደሚሄድ ሁላችን እናውቃለን። እኔ በአንድ ነገር ብጀምር የሚሻል መስሎኛል፤ ሁሉን ልያዝ ያለ ሁሉን ይለቃልና።

የነገሩ ክብደት በዚህ ዕድሜ ላለን ለእኛ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ጋይንትና ስማዳ ከተረጂዎቹ መካከል ነበሩ። ያን ጊዜ የተወለዱት ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። ከእነርሱ ብዙው መኸር ሲደርስ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል፤ ከገንዘቡ ጋር ወባና ካላዛር ይዞ የሚመለስ አለ፤ የማይመለስም አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በገባ ጊዜ ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ ባዶ እጁን ቀርቷል። በእጁ ላይ ሙያ ያለው ሰው ግን ሙያውን ማንም አይዘርፈውም። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም ብድር ሲያገኙ ብዙ ጊዜ የሚከፍቱት ያንኑ ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚቸረቸርበት ሱቅ ነው። በዚህ አዝናለሁ፤ ነገር ግን ሌላ ምን ሊከፍቱ ይችላሉ? ሌላ አላስተማርናቸውም።

በቀድሞ ጊዜ በአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንጨትና የብረት ሥራ ክፍል ነበር፤ የጂኦሜትሪ መምህሩና የአናጢው መምህር እኩል ይከበሩ እንደሆን ግን አላውቅም። እኛ ክፍሉ እስኪሠራልን የምንጠብቅ አይመስለኝም። ከመምህራኖቻችን ጋር የተነጋገርንበት አሳብ በዚህ ዓመት አንድ ሰፊ መሸመኛ በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲሠራ ነው። እንጨቱን እኛ እናመጣለን። ሸማኔው ሙያውን ሊያስተምረን ሲመጣ በመምህር ደንብ ተነሥተን እንቀበለዋለን፤ የቀኑም ይከፈለዋል። ከወላጆች የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በቤታችሁ አሮጌ ባና፣ በተለይ ከደኅና እጅ የወጣ፣ ካላችሁ ለአንድ ወር አውሱን። ድሩን ቆጥረን፣ የማጉን ጥብቀት መዝግበን፣ ስፌቱ የተፈታም ካለ ሰፍተን እንመልሳለን።