ስለ ወፍጮ ሞተር የናፍጣ መርጫ

በእንጅባራና በዳንግላ አገር የናፍጣ ወፍጮ ጥቁር ጭስ ሲያበዛና ጉልበቱ ሲደክም፤ ባለወፍጮው ሞተሩ አርጅቷል ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ የተቻኮለ ነው። የጀርመኑ ቦሽ በ1927 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ፖምፕ በብዛት መሥራት ከጀመረ ወዲህ የታወቀው መርጫ እንዲህ ነው፤ መርፌው በሞላ ተጭኖ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ የፖምፑ ግፊት ሲበረታ ተነሥቶ ናፍጣውን እንደ ጉም ይበትነዋል። መርፌው ከማረፊያው ጋራ እጅግ ጠብቆ የተገጠመ ስለ ሆነ፤ ጥቂት አቧራና ውሃ ያበላሸዋል። ያን ጊዜ ናፍጣው ይንጠባጠባል፤ ሳይቃጠልም ጥላሸት ይሆናል። በደጋው ስስ አየር ደግሞ ጭሱ ይብሳል። እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት፤ ባለወፍጮው ለአዲስ ሞተር ከመበደሩ አስቀድሞ፤ ናፍጣው በበርሜል ረግቶ ከላዩ እንዲቀዳና እንዲጣራ ቢያስገድዱ ይሻላል። ቀዳዳውን በሽቦ የሚጐረጕር ሠራተኛ (እንዲህ ያለው አይታጣም) ከአቧራው የባሰ ይጐዳል። ወፍጮው በቆመ ቀን እህል ተሸክማ የመጣችው ሴት ሳታስፈጭ ትመለሳለች።