ጆኒ ሚቸል ገበያዋን ስትተው

ዘፋኟ ጆኒ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1974 በ«ኮርት ኤንድ ስፓርክ» አልበሟ የፖፕ ገበያውን ከጨበጠች በኋላ እዚያው ብትቀመጥ ማን ይቀየማት ነበር? በ1979 ግን «ሚንገስ» የተባለውን አልበም ይዛ ብቅ አለች። የጃዙ ሊቅ ቻርልስ ሚንገስ ሰውነቱ በሕመም ዝሎ፣ ያንን ትልቅ ቤዙን መጫወት ተስኖት ነበር፤ ዜማ ሰጣት፣ እሷ ግጥም ጻፈችበት፤ አልበሙ ሳይወጣ አረፈ። የቀድሞ ወዳጆቿ ፊታቸውን ቢያዞሩም እኔ ከሥራዎቿ ሁሉ የምደጋግመው ይህንኑ ነው። የጃኮ ፓስቶሪየስን ቤዝ ስሙት፦ ከኋላ ሆኖ ምት አይጠብቅም፤ እየተንሸራተተ፣ እያቃሰተ፣ እንደ ጎበዝ ተቀባይ ቃሏን ከአፏ ይነጥቃታል። ዌይን ሾርተር በሳክስፎኑ አንድ ሁለት ነገር ጣል ያደርግና ዝም ይላል። በአንዱ ዘፈን ላይ ደግሞ የምር ተኩላዎች ያላዝናሉ (እሱን ለመልመድ እኔም ጊዜ ወስዶብኛል)። በየዘፈኖቹ መሃል የተሰገሰጉት፣ በቴፕ የተቀዱ የሚንገስ ጨዋታዎች ግን ቢቀሩ ይሻል ነበር፤ ልክ ሙዚቃው ሊይዘኝ ሲል ያናጥቡኛል።