መድኃኒትና የዐይን ብርሃን

በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት የሚሰጠው ኤታምቡቶል አልፎ አልፎ የዐይንን ነርቭ ይጐዳል። አብሮት የሚሰጠው ሪፋምፒሲን እንባንና ሽንትን ቢያቀላ ግን አያስፈራም። ስለዚህ ታማሚው ዐይኖቹን በየተራ እየሸፈነ፥ በየሳምንቱ በአንድ ርቀትና በአንድ ብርሃን ዳዊቱን ይመልከት። ፊደሉ ቢደበዝዝበት ወይም በቀይ ቀለም የተጻፈው ቅዱስ ስም ቢፈዝበት፥ የትኛው ዐይን እንደሆነና ቀኑን ጽፎ፥ የሚቀጥለውን ኪኒን ሳይውጥ በዚያው ዕለት ለሐኪም ያስታውቅ። በገዛ ፈቃዱ ሕክምናውን ማቋረጥ ግን አይገባውም፤ ኤታምቡቶልን ለይቶ የሚያስቀር ሐኪሙ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ማየቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ሊጸና ይችላል። ሐኪሙም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ አደራ በሉት፤ የአንዱ ሕመምተኛ ቃል ለብዙዎች ዐይን ጥበቃ ይሆናልና።