ድምፅ ከጀልባ አይወድቅም

በ2011 ኩዌንቲን አትኪንሰን የተባለ ተመራማሪ ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጣ። 504 ቋንቋዎችን አነጻጽሮ የደረሰበት መደምደሚያ ለጆሮ ይጥማል፦ ከአፍሪካ በራቅን ቁጥር የቋንቋዎች የድምፅ ብዛት እየቀነሰ ይሄዳል። ተነጥሎ የሚሰደድ ትንሽ ቡድን፣ ልክ እንደ ዘረ መል፣ ከእናት ማኅበረሰቡ ድምፆች የተወሰኑትን ብቻ ይዞ ይሄዳል ነው ነገሩ። በዚህ ስሌት ከመንገዱ ማብቂያዎች አንዱ የፖሊኔዥያ ደሴቶች ናቸው፤ 8 ተነባቢ ብቻ ያለው ሀዋይኛ ደግሞ ዋና ምስክር።

ይህን ግራፍ የሚልኩልኝ ጓደኞቼ ከሥሩ ኩራት ቢጤ ጣል ያደርጉበታል። «የሰው ዘር መነሻ እኛ፣ የድምፅ ሀብታምም እኛ» ዓይነት። እኔ ግን ይህ ኩራት ይቅርብን ባይ ነኝ። ፖሊኔዥያ ራሷ አትመሰክርለትም።

የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች የደሴቶቹን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው የጋራ እናታቸውን መልሰው ገንብተዋል፤ 13 ተነባቢ ነበራት። ዛሬ ቶንጋኛ 12፣ ታሂትኛ 9፣ ሀዋይኛ 8 አላቸው። ግራፉ የሠራ ይመስላል አይደል? ራፓ ኑይ እስክትመጣ ድረስ ነው። በግዙፍ የድንጋይ ሐውልቶቿ የምናውቃት፣ ከሁሉም ወደ ምሥራቅ ርቃ ብቻዋን የተቀመጠች ደሴት ናት። የቋንቋዋ ተነባቢዎች 10 ናቸው፤ በስተምዕራብ ከቀረችው ከታሂቲ ይበልጣል። ድምፅ ከጀልባ የሚወድቅ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ይህ ከየት መጣ?

ድምፅ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራም ይለወጣል። «ሰው» በቶንጋኛና በማኦሪኛ «ታንጋታ» ነው፣ በሀዋይኛ «ካናካ»። «ት» ወደ «ክ» ሄደ። የድሮው «ክ» ደግሞ ቦታውን ለቆ ጉሮሮ ላይ የሚቆረጥ ድምፅ ሆነ፤ ዓሣ በማኦሪኛ «ኢካ»፣ በሀዋይኛ «ኢአ» ነው። ሳሞአ ውስጥ ተመሳሳዩን ዛሬም መስማት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት «ታንጋታ» የሚል ሰው፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን «ካንጋካ» ይላል። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ሁለት ዓይነት የድምፅ ቆጠራ። ማን ተሰደደ?

ይህን ለመረዳት ደግሞ እኛን የሚቀድመን መኖር አልነበረበትም። ሀ፣ ሐ እና ኀ በግዕዝ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ አንድ ሆነዋል። ዐ ከአ ጋር ተደባልቋል። በሌላ በኩል ግዕዝ ያልነበሩትን ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጀ እና ጨ አፍርተናል። ትግርኛ ሐንና ዐን እስከ ዛሬ ይለያል። ታዲያ አማርኛ ከጎረቤቱ «ድሃ» ነው? እስኪ እንዲህ የሚል እጁን ያውጣ።

ዴቨሎፐር ስለሆንኩ ዳታው ይከነክነኛል። ጥናቱ ድምፆችን አንድ በአንድ አልቆጠረም። አናባቢን በ3 ምድብ፣ ተነባቢን በ5፣ የድምፅ ቅላጼን በ3 ከፍሎ ነው አማካይ የወሰደው። የአናባቢ ርዝመት ከነጭራሹ የለም። በሀዋይኛ ግን አናባቢ ሲረዝም ትርጉም ይለወጣል፤ 5ቱ 10 ይሆናሉ። ሰፋፊ ሳጥን ውስጥ ከተህ ቀጥ ያለ መስመር ብታገኝ፣ መስመሩ የሳጥንህም ሥራ ነው። ፒተር ትረድጊል በ2004 ስለነዚሁ ቋንቋዎች ሲጽፍ መልሱን በማኅበረሰብ መጠንና ከሌሎች ጋር ባለው ንክኪ ፈልጎ ነበር። በዚያም መከራከር ይቻላል፤ ቢያንስ ግን ጥያቄው ሰዎች እንዴት ይኖራሉ የሚል ነው።

«ምን አገባን፣ ግራፍ ነው» ትሉ ይሆናል። ያገባናል። «ጥቂት ድምፅ» የሚለው ቃል ሳይታወቅ «ቀላል ቋንቋ»፣ ከዚያም «የማያስፈልግ ቋንቋ» ይሆናል። ሀዋይኛን ከልጆች አፍ የነጠቀው የድምፁ ማነስ አይደለም። በ1896 የወጣው ሕግ ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዘ። ቋንቋው በ1978 ዳግም የመንግሥት ቋንቋ እስኪባል፣ በ1984ም በሀዋይኛ የሚያስተምር የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት እስኪከፈት ድረስ፣ ቤቱ በሀዋይኛ አፉን የሚፈታ ልጅ ጥቂት ሆኖ ነበር። 8 ተነባቢ ልጅ ለማሳደግ ድሮም በቂ ነበር።

አሁን ተራው የኛ ነው። ያ ጉሮሮ ላይ የሚቆረጠው ድምፅ ኦኪና ይባላል፤ የራሱ ምልክት ያለው ሙሉ ተነባቢ ነው። እኛ የምንሠራቸው ስም መሙያ ሳጥኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ «ልክ ያልሆነ ፊደል» ብለው ይመልሱታል፣ ወይም ዝም ብለው ይሰርዙታል። ከ8ቱ አንዱ እንዲህ ሲጠፋ ጥፋተኛው የአፍሪካ ርቀት አይደለም፤ ያንን አንድ መስመር ኮድ የጻፈው ሰው ነው።