ስለ ድሬዳዋና ስለ መጻተኞቿ

በሀገራችን ከተማ የሚቆረቆርበት ምክንያት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ወይ ንጉሠ ነገሥቱ ድንኳኑን ተክሎ፣ ሠራዊቱን በግራና በቀኝ አስፍሮ ሥፍራውን መናገሻ ያደርገዋል፤ ወይ ደብር ተደብሮ አለዚያም መስጊድ ተሠርቶ ምእመናን በዙሪያው ይከትማሉ፤ ወይ ደግሞ ደገኛና ቆለኛ የሚገናኙበት ገበያ ውሎ አድሮ ቤትና አጥር ያወጣል። ጎንደርና ሐረር፣ ላሊበላና ጅማ ምንም እንኳ በመልክና በዕድሜ ቢለያዩ፣ ልደታቸው ከእነዚህ ምክንያቶች በአንዱ ወይም በሁለቱ የሚተረጐም ነው። ድሬዳዋ ግን ከዚህ ልማድ ውጭ የተወለደች ናት፤ እርሷን ያስገኛት፣ የሐዲድ ሥራ ሰዎች በአንድ ተራራ ግርጌ ቆመው ያደረጉት የወጪ ሒሳብ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሌዎን ሼፍኔ የምድር ባቡር ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በመጀመሪያ ሐረር እንዲገባ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ወደ እርሷ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ሐዲድ መዘርጋት ኩባንያው ሊሸከመው የማይችለው ወጪ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ መሥመሩ ቆላውን ይዞ እንዲሄድ ተወሰነና፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ደርሶ ቆመ። ለጊዜው አዲስ ሐረር ብለው የሰየሟት ይህች ጣቢያ በእውነቱ ለማለፊያ እንጂ ለመክተሚያ የታሰበች አልነበረችም። ሆኖም ኩባንያው በዕዳ ስለ ወደቀ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ኢጣልያም በመሥመሩ ባለቤትነት ስለ ተከራከሩ፣ ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ፤ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከደጋ የሚወርደው ቡናና ቆዳ፣ ከባሕር የሚመጣው ጨርቅና የብረት ዕቃ፣ ግመሉና በቅሎው ከፉርጎው ጋር የሚገናኙት በድሬዳዋ ሆነና፣ ኪሳራና ሙግት ያስቆሙት ባቡር ሳያስበው ከተማ ቈረቈረ።

ይህ ሲባል ሜዳው ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም። የኢሳ ሶማሌና የኦሮሞ ጎሣዎች፣ ይልቁንም ጉርጉራና ኖሌ፣ ባቡሩ ከመምጣቱ አስቀድሞ በዚያ ምድር ከብታቸውንና ግመላቸውን ያሰማሩበት፣ ከወንዙ አሸዋም ውሃ እየቆፈሩ ያጠጡበት ነበር። ከእነርሱ በቀር ግን በከተማይቱ የሰፈረው ሁሉ መጻተኛ ነው፤ ፈረንሳዊው መሐንዲስ፣ ግሪኩና አርመኑ ባለ ሱቅ፣ የመናዊው ዐረብና ሕንዱ ነጋዴ፣ ከሐረር የወረደው አደሬ፣ ከሸዋና ከጎጃም የመጣው አማራ፣ ከክስታኔና ከሰባት ቤት የተነሣው ጉራጌ፣ ሁሉም ባቡሩን ተከትሎ የገባ ነው።

ኩባንያው ለራሱ ሰዎች ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ የተባለውን ሰፈር አሰመረ፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ዛፎቹ በተርታ የተተከሉ፣ ቤቶቹ በረንዳና ጓሮ ያላቸው ሆኑ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ መጋላ፣ የመሐንዲስ ገመድ ሳይዘረጋባት፣ በነጋዴው ፈቃድና በዘመድ አዝማድ አቀማመጥ፣ ቅያሷ ጠባብ፣ አደባባይዋ የተጨናነቀ ሆና አደገች። ዛሬ የከተማ አስተዳደር ሊቃውንት በፕላን የተሠራ ሰፈርና በራሱ የበቀለ ሰፈር እያሉ የሚለዩአቸውን ሁለቱን ወገኖች ድሬዳዋ ከልደቷ ጀምሮ በአንድ ደረቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ይዛ ኖራለች። በመካከላቸው ያለው ደቻቱም በበጋ ጊዜ አሸዋው የእግረኛ መተላለፊያና የችርቻሮ መገበያያ ስለ ነበር፣ የሚለያይ ድንበር መሆኑ ቀርቶ ሁለቱ ሰፈሮች በየቀኑ የሚገናኙበት አደባባይ ሆኖ ቆየ።

በባቡሩ የጥገና ሥራ ቤት አጠገብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ከተሜነት ተወለደ። የዘር ሐረጉ ከማንም ይሁን ከማን፣ ፒስቶን ማስተካከልና ብረት መቅረጽ የቻለ ሁሉ በደመወዝ የሚያድር፣ በፉጨት የሚነሣ፣ በሰዓት የሚገዛ ሠራተኛ ሆነ። የሥራው ልሳን ፈረንሳይኛ፣ የሰፈሩ ልሳን ኦሮምኛና ሶማልኛ፣ የመንግሥቱ ልሳን አማርኛ፣ የሱቁ ልሳን ዐረብኛና አደርኛ ስለ ነበር፣ በድሬዳዋ ያደገ ልጅ ሦስትና አራት ቋንቋ መናገሩ እንደ ሊቅነት ሳይቈጠርለት ይኖራል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተጀመሩት የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ይህንኑ ሥርዓት አሰፉት፤ የወር ደመወዝና የፋብሪካ ፈረቃ የሰውን ሁሉ የኑሮ ምጣኔ ወሰኑ።

እንግዲህ ከተማን የወለዳት ምክንያት ሲደክም ከተማይቱም አብራ ትደክማለች ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ የድሬዳዋ የሕዝብ ቈጠራ ይመልስለታል። ባቡሩ ከ1960ዎቹ ወዲህ ብርታቱን እያጣ ሄደ፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር እስከ ከተማይቱ አፋፍ ደርሶ በውጊያ ተመለሰ፤ ከ1990 ዓ.ም. በኋላ የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ በሙሉ ማለት በሚቻል መጠን ወደ ጅቡቲ ሲዞር እንኳ፣ ጭነቱን የወሰዱት ድሬዳዋን ሳይነኩ በጋላፊ ድንበር በኩል የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌው ባቡር ፈጽሞ ቆመ። ሕዝቡ ግን አልቆመም፤ በ1976 ዓ.ም. ቈጠራ ከ98 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ የነበረው የከተማው ነዋሪ፣ በ1987 ወደ 165 ሺህ፣ በ1999 ዓ.ም. ከ233 ሺህ በላይ ሆነ፤ በሁለቱም በኋለኞቹ ቈጠራዎች ድሬዳዋ በሀገሪቱ ከአዲስ አበባ ቀጥላ ሁለተኛዋ ከተማ ነበረች።

ይህን ሕዝብ ያመጣው ምን ነው ቢሉ፣ ባቡሩ የከፈተው መንገድ ባቡሩ ከደከመ በኋላም አለመዘጋቱ ነው። በሐረርጌ ደጋ ላይ እርሻው በልጆች እየተከፋፈለ ሲጠብ፣ የመሬት ድርሻ ያላገኘው ወጣት የሚወርደው ወደ ድሬዳዋ ነው፤ ድርቅ መንጋውን የጨረሰበት አርብቶ አደር፣ ጦርነት ከኦጋዴን ያፈናቀለው ቤተሰብ፣ ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ ወሰን ዕቃ እያሳለፈ የሚኖር ኮንትሮባንዲስት፣ ታይዋን በሚባለው የከተማው ገበያ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ የሚቸረችር ሁሉ ማረፊያው እዚያው ሆነ። አንዴ መንገደኛ ያረፈበት ሥፍራ፣ ዘመድ ዘመዱን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠራ ስለሚከትምበት፣ የመጀመሪያው ምክንያት ቢጠፋ እንኳ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይተኩታል። ስለዚህ ከተማን የሚያጸናት ከልደቷ ምክንያት ይልቅ፣ ከልደቷ በኋላ ለሚመጣው ሰው የምትሰጠው ሥፍራ ነው የሚለው ሐሳብ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው።

ሥፍራ የሚለውም በምሳሌ ብቻ የሚነገር አይደለም። ቀድሞ የመጣው ከፍ ያለውንና የጸናውን መሬት ይይዛል፤ ዘግይቶ የመጣው የሚያገኘው የቀረውን ነው፤ በድሬዳዋ ደግሞ የቀረው የደቻቱ ዳርቻ ነበር። ወንዙ በዓመቱ አብዛኛ ጊዜ አሸዋ ብቻ ስለሚታይበት፣ ኪራይ መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ከዳርቻው ቀስ በቀስ ወደ አፋፉ፣ ከአፋፉም ወደ ሆዱ እየተጠጋ ቤቱን ሠራ፤ በላይ በሐረርጌ ተራሮች ላይ ደግሞ ዛፉ እየተመነጠረ፣ ዝናቡን የሚይዝ አፈር እየተሸረሸረ ሄደ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ሰፋሪዎቹ በተኙበት ደረሰባቸው፤ ከ200 በላይ ነፍሳት ጠፉ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ቤት አልባ ሆኑ። ጎርፉ በሌሊት ሲወርድ ማንንም መርጦ አልወረደም፤ ሰዎቹን ግን አስቀድሞ የመረጣቸው የመሬቱ አከፋፈል ነበር።

ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የድንጋይና የሲሚንቶ ግንብ ተሠራ፤ ለተፈናቀሉትም በሌላ ሥፍራ ቤት ተሰጣቸው። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ግንብ ውሃን ይመልስ እንደ ሆነ እንጂ፣ ሰውን ወደ ወንዙ የሚገፋውን ምክንያት አይመልስም፤ ዘንድሮ የገባው መጻተኛ የሚያድርበትን አስቀድሞ ያላዘጋጀ አስተዳደር፣ ግንቡን ከፍ ባደረገ ቍጥር ሰፋሪውም በግንቡ ተማምኖ ይበልጥ ይጠጋበታል። ከጎርፉ በቀር ሌላም ነገር አለ፤ ከተማይቱ የምትጠጣው ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፤ የውሃ ጉድጓዶቹ ያሉበት ሳቢያን የተባለው አካባቢም ዛሬ ሰፈር ስለ ሆነ፣ ያለ ፕላን የተቆፈረ መጸዳጃ ሁሉ ከጎረቤት አልፎ የመላውን ከተማ ጽዋ የሚነካ ጉዳይ ሆኗል።

አስተዳደሩ ለመጻተኛው ሥፍራ አስቀድሞ እንዳያዘጋጅ የሚያግደው ገንዘብ ማጣት ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ከገንዘቡ የሚከፋው ግን የቈጠራ ፍርሃት ነው። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር መሠረት ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሆኖ በራሷ ትተዳደራለች፤ ሥልጣኗ ግን ለረጅም ዘመን በፓርቲዎች ስምምነት ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለቀሩት ሁሉ 20 በመቶ እየተባለ ሲከፈል ኖሯል። በ1999ኙ ቈጠራ ከአስተዳደሩ 341,834 ነዋሪ ኦሮሞው ወደ 46፣ ሶማሌው ወደ 24፣ አማራው ወደ 20 በመቶ ያህል ነበር። ቀመሩ ከመጀመሪያው ከሰው ቍጥር ጋር አልተስማማም፤ ሰው ደግሞ በየዓመቱ ይወለዳል፣ ይገባል፣ ይወጣል። ሥልጣን በዘር ድርሻ በተመዘነበት ሥፍራ፣ ከአውቶቡስ የሚወርድ እያንዳንዱ መንገደኛ ጉልበቱና ሙያው ሳይጠየቅ፣ ሚዛኑን ወደ ማን ያጋድላል ተብሎ ይታያል። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በሀገር ደረጃ የሕዝብ ቈጠራ እየተላለፈ መቅረቱ ይህን ሕመም አባባሰው፤ ከተማይቱ ዛሬ የምትተዳደረው በግምት ነው፤ በግምት የሚቈጠር ሰው ደግሞ ውሃውም ትምህርት ቤቱም በግምት ነው።

አንዳንድ ነባር ነዋሪዎች በቅን ልብ የሚያቀርቡት ክርክር አለ። ከተማይቱ አቅሟ ተወስኗል፤ ውሃው አይበቃም፤ ሥራ የለም፤ ስለዚህ የሚገባውን መገደብ ይሻላል እንጂ ቦታ ማዘጋጀት ይበልጥ ሰው ይስባል ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ የውሃው እጥረትም የሥራ ማጣቱም እውነት ነው። ይሁን እንጂ በድሬዳዋ ሰውን በመገደብ የተሳካለት ዘመን የለም፤ መንግሥት ቦታ ባላዘጋጀበት ዘመን ሁሉ ሰዉ ራሱ ለራሱ በደቻቱ አሸዋ ላይ አዘጋጅቷል። ስለዚህ ያለው ምርጫ መጻተኛ ይምጣ ወይስ አይምጣ የሚል ሳይሆን፣ ሲመጣ በተሰመረ መሬት ላይ ይስፈር ወይስ በጎርፍ መንገድ የሚል ነው። ሁለተኛም፣ ይህን የሚከራከረው ነባር አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ በየትኛው ፉርጎ እንደ ገባ የቤተሰቡ ታሪክ ይነግረዋል፤ በእውነት ነባር ነኝ ማለት የሚችለው የዚያ ሜዳ አርብቶ አደር ወራሽ ደግሞ፣ ከሁሉ በፊት ርስቱን ያጣ እርሱ ነውና፣ ከተማይቱ ስትሰፋ በገጠሩ የሚወሰደውን መሬት ዋጋ በርትዕ ሊከፈለው ይገባል።

ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ከለገሃር ርቆ ከከተማው ውጭ ጣቢያውን ሠርቷል፤ የኢንዱስትሪ ፓርክም ተሠርቷል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጣና በዚያው በድሬዳዋ ተከፍቷል። ባቡሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሰው ሊጠራ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ለመሐንዲሶቹ ከዚራን ሲያሰምር ለጫኝና ለአውራጁ ያሰመረለት ነገር አልነበረም፤ ዛሬም ለመጋዘኑና ለፋብሪካው መሬት ሲለካ፣ በመጋዘኑ ውስጥ ለሚሠራው ሰው ካልተለካለት፣ የሚለወጠው ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ከንቲባውና ምክር ቤቱ እንበለ ፍርሃት የከተማይቱን ሰው በራሳቸው አቅም ይቍጠሩ፤ ቈጠራውም የማን ወገን በዛ ለማለት ሳይሆን፣ በየትኛው ቀበሌ ስንት ቤተሰብ ያለ ውሃ ያድራል ለማለት ይሁን። ከጎርፍ ደረጃ በላይ ያለውን መሬት ባለ ሀብት ሳይሻማበት አስቀድመው በትንንሽ ቦታ ሸንሽነው፣ መንገድና የውሃ ቧንቧ ብቻ ዘርግተው ቢያቆዩ፣ ቤቱን ሰዉ ራሱ ይሠራዋል፤ የመጋላ ሰው ያለ መሐንዲስ ከተማ ሠርቶ አሳይቷልና። የደቻቱን ውሃ ለመቀነስ የሚበጀው ሥራ ከከተማው ወሰን ውጭ በደጋው ተራሮች ላይ ስለሚገኝ፣ ከኦሮሚያ ክልል ጋር በአንድ የተፋሰስ ውል መተሳሰር ያስፈልጋል። ከእንግዲህም ስለ ዕድገት ሪፖርት የሚያቀርብ ሹም፣ የፎቁንና የአስፋልቱን ቍጥር ከመዘርዘሩ በፊት፣ ባለፈው ዓመት ወደ ድሬዳዋ የገባው የቀን ሠራተኛ ዛሬ ሌሊት ከወንዙ ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚያድር ይንገረን።