ቅስት መስኮትና የኮምፒዩተር ንድፍ

ቤት የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ግድግዳውና ስለ ጣሪያው ነው፤ የመስኮቱ ነገር በመጨረሻ የሚታሰብ ሆኖአል። ይሁን እንጂ ሕንፃን መልክ የሚሰጠው መስኮቱ መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስን የላይኛውን ረድፍ መስኮቶች ያየ ሰው፥ ጫፉ ሾል ብሎ ጎንና ጎኑ እንደ ሐረግ ተጠቅልሎ የተፈለፈለውን ቅስት አይረሳውም። በጎንደርም በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የፋሲል ግንብ፥ ቅስት የሆኑት በሮቹና መስኮቶቹ ባይኖሩ ምን ይመስል ነበር?

ዛሬ የቤት ንድፍ በወረቀትና በኮምፓስ መሠራቱ ቀርቶ በኮምፒዩተር ሆኖአል። ይህን እኛ አንቃወምም። የምንነቅፈው ሌላ ነው። ይኸውም በፕሮግራሙ ውስጥ ባለአራት ማዕዘኑ መስኮት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሲሆን ቅስቱ ግን ድካም የሚጠይቅ በመሆኑ፥ ንድፍ አውጪው ባለቤቱ የፈለገውን ቅስት «ወጪ ያበዛል» ብሎ ያስቀረዋል፤ ካላስቀረውም እንደ ነገሩ ይሥለዋል። ወጪውስ መቸም ይበዛል፤ ግን ይህን የሚወስነው ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው እንጂ ፕሮግራሙ ሊሆን አይገባውም።

እንደ ነገሩ መሣል ማለት ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ስኬችአፕ የተባለው ፕሮግራም እውነተኛ ክብ መስመር የለውም። ቅስት ሲታዘዝ አጫጭር ቀጥታ መስመሮችን ይቀጣጥላል፤ ቁጥሩን ካልለወጡለትም በ12 መስመር ይጨርሰዋል። ወርዱ 1.20 ሜትር የሆነ፥ አናቱ ግማሽ ክብ የሆነ መስኮት እንውሰድ። በ12 ሲከፈል እያንዳንዱ መስመር ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ በመካከሉም ከእውነተኛው ክብ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይቀራል። ይህ በስክሪኑ ላይ አይታይም። ነገር ግን ይኸው ሥዕል ለመስታወት ቆራጩ ሲላክ መስታወቱ ማዕዘን ማዕዘን ሆኖ ይቆረጣል፤ በያጁ ደግሞ ብረቱን በእውነተኛ ክብ ያጎብጠዋል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚተርፈው ሥራ ክፍተቱን በሲሊኮን መድፈን ነው። መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ቅስቱ ግድግዳ ከመሆኑ በፊት ቁጥሩን 48 ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል። በኋላ ለማረም ግን ብዙውን ጊዜ እንደገና መሣል ያስፈልጋል። በአውቶካድና በሬቪት ቅስቱ ማዕከልና ሬዲየስ ያለው እውነተኛ ቅስት ስለ ሆነ ይህ ችግር የለም።

ከዚህ የሚብሰው ግድግዳው ራሱ ክብ ሲሆን ነው። ክብ ቤት ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ጎጆውም ብዙው የገጠር ቤተ ክርስቲያንም ክብ ነው። ከማዕከሉ እስከ ውጭው 4 ሜትር የሆነ ክብ ቤት በስኬችአፕ ሲሣል፥ ፕሮግራሙ ባልተነካ ቁጥሩ 24 ጠፍጣፋ ገጽ ያደርገዋል፤ የእያንዳንዱም ወርድ 1.04 ሜትር ብቻ ነው። የ1.20 ሜትሩ መስኮት እንግዲህ በየትኛው ላይ ይቀመጥ? ስለዚህ ተዘጋጅቶ የመጣው መስኮት ግድግዳውን በአግባቡ አይበሳውም። የሚሻለው በመስኮቱ ቅርጽ አንድ ድፍን አካል ሠርቶ በግድግዳው ውስጥ ማሳለፍ፥ ከዚያም ከግድግዳው ላይ መቀነስ ነው።

ሥዕሉ ተሳካ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በዚህ ቤት በመስኮቱ ወርድ ውስጥ ብቻ ግድግዳው 4.5 ሴንቲ ሜትር ይጎብጣል፤ ጠፍጣፋ ፍሬም ይህን ያህል መግባት ወይም መውጣት አለበት። ደግሞስ የመስኮቱ ሁለት ጎኖች ትይዩ ይሁኑ ወይስ ሁለቱም ወደ ቤቱ ማዕከል ያመልክቱ? ወደ ማዕከል ካመለከቱ፥ የግድግዳው ውፍረት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ የውስጡ ወርድ 1.14 ሜትር ይሆናል፤ ከውጭው በ6 ሴንቲ ሜትር ይጠባል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ይህን አይጠይቅም። እኛ በብሎኬት ቤት ትይዩውን እንመርጣለን፤ ብሎኬቱን መቁረጥ ቢያስፈልግም ፍሬሙ ያለ ጣጣ ይገባልና። ሌላ የሚመርጥ ይምረጥ፤ ብቻ በንድፉ ላይ ተጽፎ ይውጣ።

የሚጻፈውም ብዙ አይደለም፤ ወርዱ፥ ቅስቱ የሚጀምርበት ከፍታ፥ ማዕከሉና ሬዲየሱ ነው። ወርዱ 1.20 ሜትር ሆኖ ከጅማሬው 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ለሚል ለስላሳ ቅስት ሬዲየሱ ልክ 1 ሜትር ነው፤ ማዕከሉም ቅስቱ ከሚጀምርበት መስመር 80 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ይህ በንድፉ ላይ ከተጻፈለት ግንበኛው ኮምፒዩተር አያስፈልገውም፤ በዚያ ነጥብ ላይ ሚስማር መትቶ በ1 ሜትር ሲባጎ ቅስቱን ራሱ ይሥለዋል።