ስልጠናው አዳማ፣ ጭቃው ብቸና!

የብቸና ሰው ስለ ዋልካ አፈር አስተማሪ አያሻውም። ዋልካ ክረምት ሲገባ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ አጥር ያዘነብላል፣ ከላዩ የተነጠፈውን ድንጋይ ያጎብጣል። ለጤፉ በረከት የሆነው አፈር ለመንገድና ለቤት መሠረት ጠላት ነው። ይህን ገበሬውም ግንበኛውም ያውቃል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በወረዳ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የሚመደበው ወጣት መሐንዲስ ይህን አፈር እንዴት እንደሚያሸንፈው ማን አሳየው? የትና መቼ?

መላው በዓለም የታወቀ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣና በሌላ ይተካል፣ ወይም በኖራ ይታከማል፤ ከሁሉም በፊት ግን ውሃ እንዳይደርስበት ቦይ ይሠራለታል። መጽሐፉ እስከዚህ ያደርሳል። ምን ያህል ይቆፈር፣ ስንት እጅ ኖራ ይግባ፣ ቦዩ በየት በኩል ይውረድ የሚለው ግን የሚታወቀው አፈሩን ፈትሾ፣ ያጠፋውንና ያለማውን የሙያ ጓደኛ ጠይቆ ነው። ለዚህ ነው በሌላው ዓለም መሐንዲሶች ከተመረቁ በኋላም ዕድሜ ልካቸውን እየተገናኙ የሚማማሩት።

ለመሆኑ በእኛ አገር ስልጠና ሲባል ምን ማለት ነው? አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ አንዳንዴም ሐዋሳ ደህና ሆቴል ይያዛል። ባነር ይሰቀላል። የክብር እንግዳው አርፍዶ ይመጣና የመክፈቻ ንግግር ያሰማል። ከዚያ ሻይ፣ ከሻይ በኋላ ስላይድ፣ ከስላይድ በኋላ ምሳ፣ በመጨረሻም የአበል ፊርማ። አበል የሚፈርመውና ጭቃ የሚረግጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ኃላፊው ሰልጥኖ ይመለሳል፤ መሐንዲሱ እዚያው ከዋልካው ጋር ይታገላል።

“በጀት የለም” የሚለው ምክንያትም አያስኬድም። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄደው የከተሞች ልማት ፕሮግራም ሁለተኛ ምዕራፍ በ2006 ዓ.ም ሲጸድቅ 44 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። በ2010 ዓ.ም የተተካው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ቁጥሩን ወደ 117 አሳደገው። በሁለቱም ውስጥ “ለአቅም ግንባታ” ተብሎ የተመደበ ገንዘብ ነበረበት። ከዚያ ገንዘብ ስንቱ የባለሙያ እውቀት ሆነ? ስንቱስ የሆቴል ደረሰኝ ሆኖ ቀረ? ከፋዩ ሕዝብ ይህን የማወቅ መብት አለው።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም የወጣውን የሕንፃ ኮድ ተምሮ የተመረቀ መሐንዲስ፣ በ2007 ዓ.ም በአውሮፓ ኮድ ላይ የተመሠረተ አዲስ ደረጃ ወጥቶበታል። የመንገዶች ባለሥልጣን የ1994 ዓ.ም መመሪያዎችም በ2005 ዓ.ም ተለውጠዋል። አዲሱን መጽሐፍ ገዝቶ ለብቻው በኩራዝ ያንብበው ነው የምንለው? ለስህተቱ የሚከፍለው እኮ ሌላ ሰው ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት ድሬዳዋ ላይ ጎርፍ በሌሊት ገብቶ ከ200 በላይ ሰው ሲበላ፣ ከተማና የውሃ መንገድ ሲጋጩ ምን እንደሚመጣ አይተናል።

ጎጃም በዚህ ጉዳይ ወደኋላ መቅረቱ ይበልጥ ያስቆጫል። አገሩ የዲማና የዋሸራ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ስንቁን በአኩፋዳው ይዞ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል። የድጓ ተማሪም ስንት ዓመት ደክሞ እንኳ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ ሙሉ መምህር አይባልም። የሳተ በጉባኤ ፊት ይታረማል፤ መታረሙም ነውር አይደለም። መሐንዲሱን ግን አንዴ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ከተነሳ በኋላ “ምን አዲስ ነገር ተማርክ?” ብሎ አጥብቆ የሚጠይቀው የለም። ሐኪሙና ነርሷ የሙያ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ተከታታይ ትምህርት መውሰዳቸውን ማሳየት አለባቸው። ጎረቤታችን ኬንያም መሐንዲሶቿን እንዲሁ ትጠይቃለች። ሲሚንቶና ብረት የሚያዘው ሰው ከዚህ ነፃ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

የሚማሩበት ነገር ደግሞ ደጃፋቸው ላይ አለ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ቢወርዱ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ለሥልሳ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። ፎቶግራፉን በመጽሔት ያየ አንድ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ፣ ኬን ፍራንዝ፣ መጥቶ በ1994 ዓ.ም ከሕዝቡ ጋር ጠገነው። በ1997 ዓ.ም የዓባይ ሙላት ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ የተመረጠው ከሙላቱ በላይ የሚንጠለጠል የእግር ድልድይ ነው። ከዚህ የበለጠ መማሪያ ክፍል ከየት ይመጣል? ስንት መሐንዲስ ይሆን እዚያ ቆሞ፣ ውሃው እስከየት እንደደረሰ ለክቶ፣ ለምን እንደፈረሰ የተከራከረው?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስልጠና ብቻውንም አያድንም። መሐንዲሱ “መጀመሪያ ቦይ፣ ቀጥሎ ኮብልስቶን” ሲል፣ ካድሬው “ለበዓሉ ምረቃ ይድረስ” ካለ እውቀቱ ምን ይፈይዳል? ሪባን የቆረጠው ይሸለማል፤ ድንጋዩ ሲነሳ ተጠያቂው ባለሙያው ይሆናል። “አይሆንም” ማለት የማይችል መሐንዲስ ቢሰለጥን ባይሰለጥን ለውጥ የለውም።

“አገር በጦርነት እየታመሰ እናንተ ስለ ቦይ ታወራላችሁ?” የሚለን አይጠፋም። ትክክል ነው፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ሲዘጋ፣ ባለሙያው በስልኩ እንኳ መማር አልቻለም። ሰላም ከሁሉ ይቀድማል። ነገር ግን ዝናቡ ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም። ነገ መልሶ ግንባታ ሲባል በጥድፊያ ያልተማረ እጅ ከገባበት፣ ሕዝቡ አንዴ በጦርነት አንዴ በግንባታ ይከስራል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነው። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን፣ የኢትዮጵያ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርም፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ ብቸናና ሞጣ ይምጡ። ስልጠናው ክረምት ላይ፣ ቦዩ ዳር፣ በቦቲ ጫማ ይሁን። የሚሰለጥነው ሥራውን የሚሠራው ሰው ይሁን። የፈረሰ ነገር ሁሉ ለምን እንደፈረሰ ይጻፍ፤ ለሁሉም ይነበብ። የሙያ ፈቃድ ሲታደስ ትምህርቱ ይቆጠር። አበሉ ደግሞ ለአፈር ምርመራ ይዋል።

የሆቴሉ አዳራሽ ጣሪያ አያፈስም። የብቸናና የሞጣ ሰው ግን ውሃው ደጁ ላይ ነው። ክረምት እንደሆነ ቀጠሮውን አዛብቶ አያውቅም፤ እኛስ መቼ ነው የምንዘጋጅለት?